ቴፒ ላይ ፀሐይ የጠበቅንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄድ ሚኒባስ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። ከፊት መስታወቱ ሥር ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጋድሟል። ሸኮን አልፈን መንገዱ ሲታጠፍ ፀሐይ ፊት ለፊት መጣች። ከጠርሙሱ ሆድ ጥፍር የምታህል የብርሃን ነጥብ ወጥታ ቀሚሴ ላይ አረፈችና ጉልበቴ ላይ እየተንቀጠቀጠች ቆመች። ሙቀቷ ሳይሰማኝ አልቀረም፤ ወይም የተሰማኝ መሰለኝ። ሳላስበው ጠርሙሱን ገፍቼ ወለሉ ላይ ጣልኩት።

"ምነው ማዘር፣ ምን ሆኑ?" አለኝ ሹፌሩ ደንግጦ።

"ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ ይቅርታ" አልኩት። እስክንወርድ ድረስ ግን ጠርሙሱን እግሬ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ለሹፌር የሚነገር ነገር አይደለም። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት ቡና እርሻ ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ቤንች ነው፤ ተወልዶ ያደገው ከሚዛን ማዶ ነው። አማርኛ የለመደው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ስለሆነ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ቡና ፍሬ እየለቀመ ይናገር ነበር። ጴንጤ ነበር። የሚጸልዩበት ቤት ከታሸገ ወዲህ እሱና ጥቂት ሰዎች በየተራ ቤት ለቤት እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። እኔ ደጅ ተቀምጬ ሰው ሲመጣ እንዳስል ተነግሮኛል። ጴንጤ መሆን በዚያ ዘመን የባዕድ ቅጥረኛ ተብሎ ለመጠርጠር በቂ ነበር።

አባቴ አይዋሽም ነበር። ይህን ስልሽ አባት ስለሆነ ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ ነገሩ ቤታችን ውስጥ መከራ ሆኖብን ነበር። እንግዳ ፊት እናቴ "ወጡ እንዴት ነው?" ብላ ብትጠይቀው፣ "ጨው በዝቶበታል" ይላታል። እናቴ ወላጆቿ ለንግድ ከወሎ የመጡ ኦርቶዶክስ ነች፤ ይሉኝታ የምታውቅ ሴት። "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ስትል ዋሽ እስቲ" እያለች ትስቅበት ነበር።

ታይፎይድ አሞት ከዳነ ወዲህ እናቴ ያልፈላ ውኃ አታስቀምሰውም። ሆዷ የሰፋ፣ አንገቷ የቀጠነ ትልቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ነበረችን። አንድ ነጋዴ ዘመዷ በስጦታ የሰጣት ናት። እንዳትሰበር ከአንገቷ እስከ እግሯ በቃጫ ገመድ የተጠለፈ ልብስ አላት። እናቴ በየማለዳው የፈላ ውኃ አቀዝቅዛና አጥልላ፣ ጠርሙሷን ሞልታ፣ ተሸክማ መጋዘን ድረስ ታደርስለታለች።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ኮቱ ላይ ጠመኔ የማይጠፋው ወጣት ነበር። ብዙ አያወራም። ወንድሙ በቀይ ሽብር እንደሞተበት ይወራል፤ የጠየቀው ግን የለም። ያን ሰሞን ስለ ብርሃን ያስተምረን ነበር። መጀመሪያ መስታወት ይዞ መጥቶ ጨረር በገባበት ዘንበል ልክ ተመልሶ እንደሚወጣ አሳየን። ቀጥሎ እርሳስ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተና "ተሰበረ ወይስ አልተሰበረም?" አለን። ሳቅን።

"የተሰበረው ብርሃኑ ነው" አለ። "ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ አየር ሲሻገር መንገዱን ይሰብራል።"

ከዚያ ደጅ አወጣንና ከአሮጌ ካሜራ የፈታውን ሌንስ ፀሐይ ላይ ይዞ ወረቀት አቃጠለልን። ሆዱ የወጣ መስታወት የተበተነውን ጨረር ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ያገናኘዋል አለን። አንድ ልጅ "ውኃስ?" ብሎ ጠየቀ። "ቅርጹን ካገኘ ውኃም ሌንስ ነው" አለው። እንደ ማንኛውም ትምህርት ጻፍኩት፤ ረሳሁት።

በጥር አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሳለን ሽታ መጣ። የተቆላ ቡና ሽታ መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። ቀጥሎ መረረ፤ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ጆንያና ቡና አብሮ የሚነድበት ሽታ ሆነ። ከዚያ የእርሻው ደወል መደወል ጀመረ። እየሮጥኩ መጋዘኑ ጋ ደረስኩ። ሠራተኛው ተሰልፎ ባልዲ ይቀባበላል። የመጋዘኑ አንዱ ጎን ቆርቆሮው እየተጣመመ ይጮኻል። አባቴ ከሕዝቡ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ቁልፉን ጨብጧል፤ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። ጠራሁት፤ አልሰማኝም።

እሳቱ ሳይጠፋ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱት።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ከነቤተሰቡ ለስብሰባ ተጠራ። የእርሻው ካድሬ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ካኪ የሚለብስ፣ ድምፁን ፈጽሞ የማያነሳ ሰው ነበር። ቢጮህ ይሻል ነበር። "ጓዶች" አለ፣ "በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ነው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ሰው አያስገባም። እሳቱ የተነሳው ከውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ከተከመረው ባዶ ጆንያ ነው። ይህ ምን ይባላል?"

ከኋላ አንድ ሰው "አሻጥር!" አለ። ቀጥሎ ብዙዎች እጃቸውን እያነሱ አሉት። ከሚጮኹት መካከል ማታ ማታ ቤታችን ይጸልዩ የነበሩ ሰዎች ነበሩበት። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም እጄን አንስቻለሁ። ያላነሳ ይታይ ነበር።

አባቴ በነጋታው ወደ ጅማ እንደሚወሰድ ተነገረን። ጅማ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ባለፈው ዓመት አንድ መካኒክ ትራክተር አበላሽቷል ተብሎ ተወስዶ፣ ሚስቱ በወሩ ጫማውንና ቀበቶውን ከጣቢያው ተረክባ ተመልሳለች። እንዳታለቅስ ተነግሯት ነበርና አላለቀሰችም። እናቴ ቤት ገብታ ስለ ቀበቶው ብቻ ታወራ ጀመር። "የአባትሽ ቀበቶ የትኛው ነው? ቡናማው ነው ወይስ ጥቁሩ?" ትለኛለች። ምግብ ወደ አፌ ሳቀርብ የጢስ ሽታ ይመጣብኛል።

በዚያው ቀን ለአባቴ ስንቅ አድርሼ ስመለስ በተቃጠለው መጋዘን ጎን አለፍኩ። ጠባቂው የሚያውቀኝ ሰውዬ ነበር፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረልኝ። በፍርግርጉ ወደ ውስጥ አየሁ። ከመስኮቱ ሥር ግድግዳው ከሌላው ይልቅ ጠቁሯል። አመዱ ውስጥ ወፍራም የብርጭቆ ስባሪ አለ። የጠርሙሷን አንገት ለየሁት። አጠገቡ አንድም የቃጫ ቅሪት የለም። ቤት ስደርስ የቃጫው ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ታጥቦ ነጥቷል።

"እማዬ፣ ያን ዕለት ጠርሙሷን የት ነው ያስቀመጥሻት?"

"መስኮቱ ላይ ነዋ። መጋዘኑ ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ይሸታል። አባትሽ ቃጫው ሻገተ፣ ሸተተኝ ሲለኝ ገፍፌ አጠብኩት። ምነው?"

ነገርኳት። እርሳሱን፣ ሌንሱን፣ የተቃጠለውን ወረቀት፣ ውኃም ሌንስ ነው ያለውን። ዘጠነኛ ክፍል ያልተማረ ሰው የሚገባው አይመስለኝም ነበር፤ እሷ ግን ከመጨረሴ በፊት ገብቷታል። ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ከዚያ "ሂጂ፣ አስተማሪሽን ጥሪ" አለችኝ።

አስተማሪው ተከራይቶ የሚኖርበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ስነግረው ወደ መንገዱ አየ። "ድምፅሽን ቀንሺ" አለኝ። "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዘመን ሄጄ ፀሐይን ምስክር ልጥራ ነው የምትዪኝ? የአሻጥረኛ ጠበቃ ሆነ ብለው ነገ እኔንስ?"

ማልቀስ ጀመርኩ። ቆይቶ "መስኮቱ ወደ የት ነው የሚያየው?" አለኝ።

"ወደ ምዕራብ።"

"ጆንያው ከጠርሙሱ ምን ያህል ይርቃል?"

በስንዝሬ አሳየሁት። ዓይኑ ተለወጠ። በጣቱ አየር ላይ ክብ ሣለ፤ ከክቡ ወዲህ መስመር፣ ከክቡ ወዲያ መስመር። "ይደርሳል" አለ ለራሱ። "እዚያው ላይ ነው የሚገናኘው።" ኮቱን አነሳ። በሩን እንኳ ሳይቆልፈው ወጣን።

ካድሬው የጠርሙሷንም የቃጫውንም ነገር እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ፈገግ አለ። "እንግዲህ አሻጥሩን የሠራችው ፀሐይ ናት?" ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ እሱ ሲያቆም እነሱም አቆሙ። "መልካም። መኪናው ነገ ከሰዓት ነው የሚነሳው። እስከዚያ ፀሐይቱን አምጧትና ታቃጥል። ካላመጣችኋት ግን ጓድ መምህር፣ የሐሰት ምስክር ምን እንደሚገባው አንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ።"

አስተማሪው ሲወጣ ደረጃው ላይ ተደናቀፈ።

በማግስቱ ማለዳ ስነሳ ሰማይ አልነበረም። ቴፒን ታውቂያታለሽ፤ ጥርም ቢሆን ደመናዋ ሲፈልግ ከጫካው ተነስቶ ጣራ ላይ ይተኛል። እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቅን፤ አልተነሳም። ከጠጅ ቤት የተዋስናትን ሆደ ሰፊ ጠርሙስ ውኃ ሞልተን፣ እሳቱ ባልነካው ወገን ወደ ምዕራብ በሚያይ ሌላ መስኮት ላይ አስቀመጥናት። አስተማሪው ሰው ሁሉ በፍርግርጉ እንዲያየው ከውስጥ ደረቅ ጆንያ ከሥሯ ከመረ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ራቅ አለ። "ማንም እንዳይነካ" አለ። "እኔም ጭምር።"

ሠራተኛው ተሰበሰበ። አባቴን አምጥተው እጁ እንደታሰረ መኪናው ጎን አስቀመጡት። ከንፈሩ አብጧል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በእኔ ትከሻ ተደግፋለች፤ ልቧ ሲመታ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ካድሬው ወንበር አስመጥቶ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል።

ሁሉም ወደ ላይ ያያል። ደመናው ጠርዙ ሲሳሳ መጋዘኑ ትንሽ ይፈካል፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ተመልሶ ይጠቁራል። ጦጣዎች ጫካው ውስጥ ይንጫጫሉ። አንድ ጊዜ ፀሐይቱ እንደ ጨረቃ ፈዝዛ ታየችና ጆንያው ላይ የገረጣ ክብ ጣለች። አስተማሪው አንድ እርምጃ ተራመደ። ጠፋች። ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ቀኑ ግን ብርድ ነው። እግዚአብሔርን ለምኜዋለሁ፤ በእናቴም በአባቴም አጸላለይ ለመንኩት፤ የትኛው እንደሚሰማ አላወቅኩም።

ካድሬው ሲጋራውን ረገጠ። "አስነሳ" አለ ለሹፌሩ።

ሞተሩ ተነሳ። ሁለት ሰዎች አባቴን ብብቱን ይዘው አቆሙት። እናቴ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ቀበረችው። አንድ እግሩ መኪናው ላይ ሲወጣ ጥላው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ አየሁ። ጥላ! ዞር አልኩ። ፀሐይ ከደመናው ጠርዝ ሙሉ ለሙሉ ወጥታለች።

"ቆይ!" ብሎ ጮኸ አስተማሪው። በክፍል ውስጥ እንኳ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ጆንያው ላይ ነጥቧ ነበረች። ትንሽ፣ ነጭ፣ ዓይን የምታሳምም። ምንም አልሆነም። ምንም አልሆነም። ከዚያ ቀጭን ክር የመሰለ ጢስ ተነሳ። ነጥቧ ዙሪያዋ ቡናማ ሆነ፤ ጠቆረ፤ መሐሉ ቀላ። ሽታው መጣ፤ ያው የጉሮሮ ሽታ። ካድሬው ከወንበሩ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን በፍርግርጉ አሳልፎ ጣቱን ነጥቧ ውስጥ ከተተ። ቶሎ አወጣው። ከኋላ አንዲት ቡና ለቃሚ እልል አለችና አጋማሹ ላይ አፏን በእጇ ያዘች።

ዳነ ብዬ ነበር። እውነት ዳነ ብዬ ነበር።

ካድሬው ጣቱን እያሻሸ ቀና አለ። በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ፣ "መልካም። ፀሐይ ናት እንበል" አለ። "ጠርሙሱን ልብሱን ገፎ መስኮት ላይ ያስቀመጠው ማነው?"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም። አስተማሪውም አላሰበም፤ ሲደነግጥ አየሁት። እናቴ ግን መደቡ ላይ ከተቀመጠችበት ቅጽበት ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ትከሻዬን ለቀቀች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስትሄድ ከንፈሯ ሲከፈት አየሁ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እንደ ልማዱ ቃሉን እየለቀመ ተናገረ። "ቃጫው ሻገተ። ሸተተኝ። ገፈፍኩት። እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት።" ከዚያ ወደ እኛ ሳያይ በቤንችኛ አንድ ነገር አለ።

"ምንድን ነው ያለው?" አለ ካድሬው። ወደ እኔ ነበር የሚያየው።

አባቴ ያለው "ያዣት፣ እንዳትናገር" ነበር።

"ውኃ ጠማኝ ነው የሚለው" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። እጄ ግን የእናቴን ክንድ ከኋላዋ አጥብቆ ይዞት ነበር። አስተማሪው ጠርሙሷን ከመስኮቱ አነሳና ለአባቴ ውኃ አጠጣው። ውኃው በአገጩ ላይ እየፈሰሰ፣ አባቴ ሳይጠማው ጠጣ።

"እናንተ ጴንጤዎች አንዋሽም ትሉ የለ?" አለ ካድሬው።

"አዎ" አለ አባቴ።

ካድሬው ብዙ አየው። "ይህ ቸልተኝነት ነው" አለ በመጨረሻ። "አሻጥር አይደለም።" መኪናው አባቴን ይዞ ሄደ፤ ግን ወደ ሞት እንዳልሆነ ሁላችንም አወቅን። እናቴ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ፣ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። አስተማሪው ከሳምንታት በኋላ ወደ ማጂ ተዛውሯል ተባለ። ሳይሰናበተን ሄደ፤ ሰኞ ጠዋት ሌላ መምህር ክፍል ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አንዳች ነገር ሰምቼ አላውቅም። ማጂ የደረሰም እንደሆነ አላውቅም።

አባቴ ሁለት ክረምት አልፎ ተፈታ። ጨለማ ቤት የቆየ ሰው ነበርና ዓይኑ ደክሞ መጣ። ሰውን በድምፁ ይለያል፤ ደጅ ሲወጣ ግንባሩን በእጁ ይጋርዳል። ከእናቴ ጋር ስለዚያ ቀን ሲያወሩ አንድም ጊዜ አልሰማሁም። ጨው በዝቷል ማለቱን ግን ተወ። የቀረበለትን ሁሉ "ጥሩ ነው" ብሎ ይበላል። ያኔ እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ከዓመታት በኋላ አማን ከተማ የዓይን ሐኪም መጥቷል ተባለና ይዤው ሄድኩ። ወፍራም መነጽር ሰጡት። ቤት እስክንደርስ አላደርግም አለ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አደረገውና መጀመሪያ የጓሮውን ቡና አየ። ቀይ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየጠቆመ እንደ ሕፃን ሳቀ። እናቴ በወንፊት ዱቄት እየነፋች ነበር። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶባታል። ወደ እሷ ዞረና መነጽሩን አስተካከለ።

"ምን ታያለህ?" አለችው።

"ፀጉርሽ ነጭ ነው።"

እጇ ወንፊቱ ላይ ቆመ። የነጣው አንተ በተወሰድክበት የመጀመሪያው ክረምት ነው አላለችውም። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር ያኔ፤ ስታበጥረው እያየሁ ነው የነጣው። "የዱቄት ብናኝ ይሆናል" አለችው።

ተነስቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሻሿን ልትመልስ እጇን ስታነሳ ያዛት።

"ተይው" አለ። "ልየው።"